ጠብ መቼ ደም ይሆናል? በማንኩሳና በአካባቢው ወንጀልን ለማጥናት ለተነሣችሁ

«በምዕራብ ጎጃም ዞን የወንጀል መንስኤዎች» የሚል ርዕስ ይዛችሁ ወደ አማካሪያችሁ ልትገቡ ከሆነ፣ ከደጃፉ ተመለሱ። በቡሬ ገበያ ኪስ የሚያወልቀውን፣ በሌሊት የሌላ ሰው የእህል ክምር የሚያቃጥለውንና የወንድሙን ደም ሊመልስ ዓመት ሙሉ የሚያደባውን አንድ የሚያደርጋቸው የወንጀል ሕጉ መጽሐፍ ብቻ ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ «መንስኤው ድህነት፣ ሥራ አጥነትና ግንዛቤ ማነስ ነው» የሚል ጽሑፍ አገሩን ሳያዩም ሊጻፍ ይችላል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ የሚከተለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ በጃቢ ጠህናንና በቡሬ ወረዳዎች ገጠር በእርሻ ድንበር ከሚነሡት ብዙ ጠቦች መካከል ጥቂቶቹ ብቻ ወደ ግድያ የሚያመሩት ለምንድን ነው? ለሌላ ጥያቄ ብትጠቀሙበትም መንገዱ ያው ነው።

ማንኩሳን አብዛኛው አንባቢ የሚያውቃት በ1958 ዓ.ም. ከታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ለወንጀል አጥኚ ግን ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ በዙሪያዋ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳና በርበሬ የሚያበቅል ገጠር ያላት የገበያ ከተማ ናት። የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ፣ ማረሚያ ቤትና ሆስፒታል ፍኖተ ሰላም ላይ ናቸው። በዚህ ለም መሬት አንዲት የድንበር ቦይ የሰው ነፍስ ታስከፍላለች።

መጀመሪያ ጥያቄውን አጥቡ

ምን ዓይነት ድርጊት፣ በየትኞቹ ቀበሌዎች፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። «ግድያ» ስትሉ የትኛውን ነው? ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ከባዱን ግድያ በአንቀጽ 539፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣውን ተራ ግድያ በአንቀጽ 540፣ ቅጣት በሚያቀልሉ ምክንያቶች የተፈጸመውን ደግሞ በአንቀጽ 541 ይዟል። ከዚያ በፊት የተከፈቱ መዝገቦች በ1949ኙ ሕግ አንቀጽ 522፣ 523 እና 524 የተከሰሱ ናቸው። ይህን የማያውቅ አጥኚ የቆየ መዝገብ ሲገልጥ ተራ ግድያ «ጠፋ» ብሎ ሊደመድም ይችላል።

የግድያ ሙከራን አትተዉ። ጥይቱ መሳቱ፣ ወይም ቁስለኛው ደሙ ሳያልቅ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መድረሱ ስለ መንገዱና ስለ ሐኪሙ ይነግረናል እንጂ ጠቡ ለምን እዚያ እንደደረሰ አይነግረንም። ሙከራን ያስቀረ ጥናት የሚለካው ወንጀሉንና የአምቡላንሱን ፍጥነት አንድ ላይ አደባልቆ ነው።

ዘመኑን በተመለከተ ከ2000 እስከ 2012 ዓ.ም. ያለውን እመርጣለሁ። ጊዜው በአንድ የወንጀል ሕግ ሥር የዋለ ነው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በራሱ በአማራ ክልል የተስፋፋው ግጭትና ለ10 ወራት ያህል የቆየው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ የመሣሪያውን ብዛት፣ የፖሊሱን ሥራና የፍርድ ቤቱን በር ሁሉ ለውጠዋል። በዚያ ወቅት የተመዘገበው ግድያ አንሶ ብታገኙት የቀነሰው መዝጋቢው ሊሆን ይችላል። ያንን ዘመን ማጥናት ያስፈልጋል፤ የሚጠናው ግን በሌላ ጥያቄና በሌላ ዘዴ ነው።

ነገሩ የሚሄድበትን መንገድ ሣሉ

አንድ ትልቅ ወረቀት ዘርጉ። ከላይ «ጠብ»፣ ከታች «ፍርድ» ብላችሁ ጻፉና በመካከል ነገሩ የሚያልፍባቸውን በሮች በተራ አስቀምጡ። በማንኩሳ ገጠር መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው፤ ቀጥሎ ዘመድ፣ ሽማግሌ፣ የንስሐ አባት፣ የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴና ሚሊሻ፤ ከዚያ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ወረዳ ፍርድ ቤት፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤት። በእያንዳንዱ በር ላይ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ እዚህ ደርሶ የሚቀረው ምን ዓይነት ነገር ነው? ሲቀር የሚተወው ምልክት ምንድን ነው?

የዱላ ጠብ በሽማግሌ ካሣ ተከፍሎበት ሲያልቅ በጽሑፍ የሚቀር ነገር ላይኖር ይችላል። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ቀላል የአካል ጉዳት ከሆነ፣ ተበዳዩ አቤቱታውን ሲያነሣ የፖሊስ መዝገቡ ይዘጋል። ግድያ ሲሆን ግን ሁለት መንገድ ጎን ለጎን ይሄዳል። መንግሥት ይከስሳል፣ ይፈርዳል፤ ሽማግሌዎች ደግሞ ደም ያደርቃሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ባለጉዳዮች ሲስማሙ በባህልና በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኙ የፈቀደው የግልና የቤተሰብ ጉዳዮችን ነው፤ ወንጀል እዚያ ውስጥ የለም። ቢሆንም የሟች ወገን የሚረጋጋው ብዙ ጊዜ በዕርቁ ነው፤ ፍርድ ቤት ውስጥም ዕርቁ ቅጣት እንዲያቀልል ይቀርባል። ስለዚህ የፍርድ መዝገቡን ብቻ ያነበበ አጥኚ የነገሩን እኩሌታ ብቻ ነው ያየው።

ከፖሊስ ያመለጠውን የሚያሳይ ሌላ በር ሆስፒታሉ ነው። ጆናታን ሼፐርድ የተባለው የዌልስ ቀዶ ሐኪም በካርዲፍ ከተማ ተደባድበው ለሕክምና ከመጡት ሰዎች ብዙዎቹን ፖሊስ ጭራሽ እንደማያውቃቸው አሳይቷል፤ የሆስፒታሉ መረጃ ከፖሊሱ ጋር ሲጋጠም ጠብ የሚበዛባቸው ቦታዎች ተለዩ። በፍኖተ ሰላምም በዱላ፣ በስለትና በጥይት ቆስለው የገቡትን ቁጥር ከፖሊስ መዝገብ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ስም አያስፈልጋችሁም፤ ወር፣ ጾታ፣ የዕድሜ ክልልና የጉዳት ዓይነት ይበቃል።

ዋናው ነገር፦ ያልተገዳደሉትን ፈልጉ

ስለ ግድያ ከሚጻፉት ጽሑፎች አብዛኞቹ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። አጥኚው ማረሚያ ቤት ይሄድና በግድያ የተፈረደባቸውን ያናግራል። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ጠጥተው እንደነበር፣ መሬታቸው ጠባብ እንደሆነ፣ ድንበር ተገፍቶባቸው እንደነበር ይነግሩታል። «የግድያ መንስኤ መጠጥ፣ የመሬት ጥበትና የድንበር መግፋት ነው» ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን በዚያው ቀበሌ ጠላና አረቄ የጠጣ፣ መሬቱ የጠበበው፣ ድንበሩ የተገፋበት፣ ሰው ያልገደለ ስንት አለ? እሱን ሳያይ የገዳዩ ልዩ ነገር ምን እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም።

ማርቪን ዎልፍጋንግ በፊላደልፊያ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1952 የተገደሉትን 588 ሰዎች መዝገብ አጥንቶ በ1958 ያሳተመው መጽሐፍ የግድያ ጥናት መሠረት ነው። ከሟቾቹ 26 በመቶው መጀመሪያ ኃይል የተጠቀሙት ራሳቸው እንደነበሩ ያሳየው እሱ ነው። እሱም ቢሆን የያዘው የሞት መዝገብ ነበረና፣ ተመሳሳይ ጠብ በሌላ ቤት ለምን ያለ ሞት እንዳለቀ ከዚያ መዝገብ ማንበብ አይቻልም።

እናንተ ሁለት ክምችት አድርጉ። አንደኛው በድንበር ጠብ ተነሥተው በግድያ ወይም በሙከራ ያለቁ ጉዳዮች ናቸው። ሁለተኛው በድንበር ተነሥተው፣ ዱላ እስከ መማዘዝ ደርሰውም ቢሆን፣ ሰው ሳይገደል ያለቁ ናቸው። ለእያንዳንዱ ግድያ ከዚያው ቀበሌ፣ በዚያው ዓመት ወይም በአንድ ዓመት ልዩነት የተነሣ አንድ፣ ቢቻል ሁለት ያልተገዳደሉ ጠበኞች ፈልጉ። ይህ የሕክምና ተመራማሪዎች በሽተኛውን ከጤነኛው ጎን አቁመው የሚያጠኑበት ንድፍ ነው፤ ለወንጀልም ይሠራል።

ያልተገዳደሉትን ከየት ታገኛላችሁ? ወረዳ ፍርድ ቤት «ሁከት ይወገድልኝ» ተብለው የተከፈቱትን የፍትሐ ብሔር መዝገቦች ጠይቁ። በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ የተያዘ አቤቱታ ካለ እሱን እዩ። ሦስተኛው ምንጭ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጥንቃቄ ግን ያሻቸዋል። ሽማግሌ የሚያስታውሰው የኮራበትን ዕርቅ ነው፤ የፈረሰውን ይረሳል፣ ወይም አያነሣም። ስለዚህ ከአንድ ቀበሌ እርስ በርስ የማይቀራረቡ ሽማግሌዎችን ለየብቻ ጠይቁና ዝርዝራቸውን አጋጥሙ። ያልተገዳደሉትን ሁሉ ከሽማግሌ አፍ ብቻ ካገኛችሁ፣ «ሽምግልና ግድያን ይከላከላል» የሚል ውጤት ማግኘታችሁ አይቀርም፤ ያመጣው ግን አመራረጣችሁ ነው።

ሌላ ንድፍ የሚፈልግ ሰው የመሬት ደብተሩን ታሪክ ይመልከት። አለን ሆበን በ1950ዎቹ የዳሞትን ርስት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው፣ ከአቅኚ አባት የትውልድ ሐረግ እየተቆጠረ የሚካሄደውን የርስት ሙግት ነው። ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ በኋላ ያ ሙግት መሠረቱን አጣ። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ መሬት እንደገና ተሸነሸነ፤ ያ ድልድል በጎጃም ብዙ ቅሬታ አስነሥቷል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ጀመረ። ደብተሩ ቀድሞ የደረሳቸውን ቀበሌዎች ዘግይቶ ከደረሳቸው ጋር፣ ከመሰጠቱ በፊትና በኋላ፣ ማወዳደር ጥሩ ጥናት ይወጣዋል። አንድ ወጥመድ አለበት፦ ደብተሩ ቀድሞ የተሰጠው ጠብ ለበዛበት ቀበሌ ከሆነ፣ ወይም መንገድ ቅርብ ለሆነው ከሆነ፣ ልዩነቱን ያመጣው ደብተሩ ላይሆን ይችላል። የአሰጣጡን ቅደም ተከተል ከወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሳታጣሩ አትጀምሩ።

እውነተኛ ሙከራ፣ ማለትም አንዱን ሰው በዕጣ ወደዚህ፣ ሌላውን ወደዚያ መመደብ፣ በዚህ ርዕስ አይቻልም። በሚኒያፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1981 እና 1982 ፖሊስ ሚስቱን የደበደበውን ባል ማሰር፣ መምከር ወይም ከቤት ማራቅ በዕጣ እንዲመርጥ ተደርጎ ነበር፤ ማሰር የተሻለ መስሎ ታየ። በሌሎች ከተሞች ሲደገም ግን ውጤቱ ተለያየ። ከዚያ የምትወስዱት ትምህርት ግልጽ ነው፦ ማንኩሳ ላይ ያገኛችሁትን «ለኢትዮጵያ» ብላችሁ አትጻፉ።

ፈቃድ

ከዩኒቨርሲቲያችሁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማጽደቂያ ያዙ፤ ከዚያ ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ለፍትሕ መምሪያው፣ ለፖሊስና ለማረሚያ ቤቱ ለየብቻ ደብዳቤ አስጽፉ። ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ዕረፍት ላይ ስለሆኑ የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ በዚያ ጊዜ ላታገኙት ትችላላችሁ፤ የሥራ ዕቅዳችሁ ከኅዳር ቢጀምር ይሻላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን መረጃ የሚይዝን ሁሉ ስለሚመለከት አንብቡት። የቀበሌ ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን ማየቱ ሽማግሌውን ለማናገር ፈቃድ አያስገኝላችሁም፤ የእሱን ፈቃድ ከራሱ ጠይቁ።

መዝገብ እንዴት ይነበባል

ወደ መዝገብ ቤት ከመግባታችሁ በፊት የመሙያ ቅጽ አዘጋጁ። ለእያንዳንዱ መዝገብ አንድ ገጽ ይሁን፦ ድርጊቱ የተፈጸመበት ወርና ሰዓት፣ ቦታው (እርሻ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ጠላ ቤት፣ ሠርግ፣ ደጃፍ)፣ መሣሪያው፣ የሟችና የተከሳሽ ዝምድና፣ ጠቡ ከተነሣ እስከ ግድያው ያለው ጊዜ፣ በመካከል ሽማግሌ ገብቶ እንደነበር፣ ቀድሞ አቤቱታ ቀርቦ እንደነበር። ስም የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ ላይ አይኑር፤ ተራ ቁጥር ብቻ ስጡ።

«ጠቡ ከተነሣ እስከ ግድያው ያለው ጊዜ» የሚለውን ከሁሉ በላይ ተከታተሉት። ጠዋት ቦይ ተገፋ ብሎ ከሰዓት በፋስ የመታና፣ በሰኔ ተጣልቶ በጥር ጥምቀት ሲመለሱ ያደባ አንድ ዓይነት ገዳዮች አይደሉም። ለመጀመሪያው ሽማግሌ የሚደርስበት ጊዜ አልነበረም። ለሁለተኛው ሰባት ወር ነበር፤ በሰባቱ ወር ማን ምን አደረገ? የጥናታችሁ ልብ ያለው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

ቀንና ሰዓት ያሳስታል። የፖሊስ መዝገብ «ከምሽቱ 3 ሰዓት» ሲል በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የሆስፒታሉ ካርድ በፈረንጅ ሰዓትና ቀን የተጻፈ ሊሆን ይችላል። የፖሊስ ዓመታዊ ሪፖርት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ባለው የበጀት ዓመት ነው፤ እናንተ ከመስከረም ብትቆጥሩ ቁጥሮቻችሁ አይገጥሙም። ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር ለውጣችሁ መዝግቡ፤ የመጀመሪያውንም አጻጻፍ አጠገቡ አስቀምጡ። ጳጉሜንን እንደ ሙሉ ወር የቆጠረ ሠንጠረዥ በዚያች «ወር» ወንጀል እጅግ ቀነሰ ይላል።

የቅጣት ዓመትንም ስታነጻጽሩ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ በ2002 ዓ.ም. መውጣቱን፣ በ2006 ዓ.ም. መሻሻሉን አትርሱ። በ2001 የተቀጣና በ2007 የተቀጣ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ከሁሉ በላይ መዝገብ የተጻፈው ለእናንተ እንዳልሆነ አስቡ። መርማሪው የጻፈው የሕጉን ፍሬ ነገር ለማሟላት ነው፤ ተከሳሹ የተናገረው ለመዳን ነው፤ ምስክሩ ነገ ከሁለቱም ወገን ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይቆማል። ስያሜውም የዘመኑን ሥልጣን ይከተላል። በላይ ዘለቀን የ1937ቱ መንግሥት በስቅላት ቀጣው፤ ዛሬ አርበኛ ብለን እናስበዋለን። «ሽፍታ»፣ «ጥጋበኛ»፣ «ደም ሊመልስ» የሚሉትን ቃላት ከመዝገብ ስትገለብጡ ማን እንዳላቸው አብራችሁ ጻፉ።

ሁለት ሰዎች ሆናችሁ አንብቡ። ከመዝገቦቹ 30ውን ሁለታችሁም ለየብቻ ሙሉና አስተያዩ። «ሽማግሌ ገብቷል ወይስ አልገባም» በሚለው ላይ በ24ቱ ብትስማሙ ስምምነታችሁ 80 በመቶ ነው። ሁለቱም መልሶች እኩል የሚገኙ ከሆነ ዝም ብሎ በመገመትም ቢሆን በ50 በመቶው ልትገጥሙ ትችሉ ነበርና ትርፉን አስሉ፦ 80 ሲቀነስ 50፣ ለ50 ሲካፈል፣ 0.6 ይመጣል። ይህ የጃኮብ ኮኸን ስሌት ነው። 0.6 ለመነሻ ደኅና ነው፤ ግን ቁጭ ብላችሁ ባልተስማማችሁባቸው 6 መዝገቦች ላይ ተነጋገሩ፣ የቅጹን ቃል አጥሩ፣ እንደገና ሞክሩ።

ሰው ማናገር

ወዳጅነት በማሳየት ስም የጎጃምን ሽማግሌ «አንተ» ማለት ለአጥኚ በሩን ይዘጋል። «አባቴ»፣ «እማማ»፣ «እርስዎ» ይባላል፤ እህል ቀምሳችሁ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ማሳው ተነጋግራችሁ፣ ከዚያ የመጣችሁበትን ንገሩ። ማን እንደላካችሁ፣ የነገሯችሁን ማን እንደማያየው፣ መመለስ ያልፈለጉትን መተው እንደሚችሉ በግልጽ አማርኛ አስረዱ። የፈቃድ ወረቀት ላይ ማስፈረም ለፍርድ ቤት ጣጣ የሚጋብዝ ለሚመስለው ሰው፣ ኮሚቴያችሁ ከፈቀደ፣ የቃል ፈቃድ ይበቃል።

«ለምን ገደልክ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይህን ጥያቄ መርማሪው፣ ዐቃቤ ሕጉና ዳኛው ጠይቀውታል፤ መልሱ ተጠንቷል። «የዚያን ዕለት ከጠዋት ጀምረህ ንገረኝ» በሉትና ዝም በሉ። ከዚያ «ከዚያስ?»፣ «ማን ነበር?»፣ «ምን አለህ?» እያላችሁ ተከተሉት። በጠቡና በግድያው መካከል ያሉትን ቀናት ደግሞ በበዓል አስይዙ፦ ከፍልሰታ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጤፉ ታጭዶ ነበር? የገበሬ ትዝታ በቀን ቁጥር ሳይሆን በሥራና በበዓል ይጠራል።

ማረሚያ ቤት ስትገቡ ሦስት ነገር አጥብቁ። ይግባኙ ያላለቀ ሰው አታናግሩ፤ የሚነግራችሁ ሊጎዳው ይችላል። ፖሊሱ ከሚሰማበት ርቃችሁ ተቀመጡ፤ ካልተፈቀደ ቃለ መጠይቁን ተዉት። ደግሞም ከመጀመሪያው «ፍርድ ቤት ስለማያውቀው ድርጊት አትንገረኝ» በሉ፤ ከባድ ወንጀልን አውቆ አለመናገር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 የሚያስጠይቅበት ሁኔታ አለና፣ ሰውየውንም ራሳችሁንም ከወጥመድ ታድናላችሁ።

ሴቶችን አትዝለሉ። ከብት ድንበር አቋርጦ ሲገባ መጀመሪያ የምታየው፣ ውኃ ስትቀዳ የጎረቤቷን ስድብ የምትሰማው፣ ባሏ ሌሊት መሣሪያ ሲወለውል የምታውቀው እሷ ናት። ሽማግሌዎቹ የሚነግሯችሁ ከጠቡ መካከል ጀምረው ነው፤ መጀመሪያውን የምታውቀው እሷ ናት። በለቅሶ ላይ ምን ተብሎ እንደተለቀሰ፣ የሟች ወንድም ደም እንዲመልስ ተገፋፍቶ እንደሆነ ጠይቁ። ሴት አጥኚ ብትጠይቅ ይመረጣል፤ ከአገው ምድር ጋር በሚዋሰኑት ቀበሌዎችም አገውኛ የሚናገር ረዳት ያዙ።

የማይነገረውን በሳንቲም መጠየቅ

«ባለፈው ዓመት በድንበር ጠብ ሰው በዱላ መትተዋል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጥቂት ሰው ብቻ «አዎ» ይላችኋል። አገራችን ለዚህ ችግር የቆየ መፍትሔ ነበራት። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ሲጠራ የአካባቢው ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ አይበተንም፤ የሚያውቅ ሰው በአደባባይ ሳይታይ ምሥጢሩን የሚያደርስበት «ወፍ» የሚባል መንገድ ነበረው። ጥበቡ ተናጋሪውን መሸሸጉ ላይ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ገበሬውን ከሥራው አግቶ ማስጨነቁና፣ ቂም ያለው ሰው ንጹሑን እንዲጠቁም በር መክፈቱ ነው። መሸሸጉን እንውሰድ፤ ማስገደዱን እንተወው።

ስታንሊ ዋርነር እ.ኤ.አ. በ1965 ያቀረበው ሐሳብ ለዚህ ይሆናል። ከቀላል አሠራሮቹ አንዱ እንዲህ ነው። ለተጠያቂው የአንድ ብር ሳንቲም ስጡትና ፊታችሁን አዙሩ። አንበሳው ከወጣ እውነቱ ምንም ይሁን ምን «አዎ» ይበል፤ ሌላው ገጽ ከወጣ እውነቱን ይመልስ። «አዎ» ሲል ሳንቲሙ ይሁን እሱ፣ እናንተም ፖሊስም ልታውቁ አትችሉም። ለምሳሌ 200 ሰው ጠይቃችሁ 130ው «አዎ» ቢል፣ 100 ያህሉን ያናገራቸው ሳንቲሙ ነው። ከቀሩት 100 ሰዎች 30ው እውነተኛ «አዎ» ናቸው፤ ስለዚህ ግምታችሁ 30 በመቶ ነው። ስለ ማንም አንድ ሰው የምታውቁት የለም፤ ስለ ቀበሌው ግን ታውቃላችሁ። መጀመሪያ በማያሳፍር ጥያቄ፣ «ትናንት ገበያ ወጥተዋል?» በሚል፣ አለማምዷቸው፤ ጨዋታው ያልገባው ሰው ውጤቱን ያበላሻል።

ደመኛ ባለበት አገር

እዚህ ላይ ጥናታችሁ ሰው ሊያስገድል ይችላል። ያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ። ዕርቅ ያልወረደበት ደም ካለ፣ የገዳይ ዘመድ የት እንደተሰደደ፣ ማን በየትኛው ቀን ገበያ እንደሚወጣ በማስታወሻ ደብተራችሁ ውስጥ መገኘቱ ብቻ አደጋ ነው። የምትኖሩበትን ቤት ከሁለቱም ወገን ውጭ ምረጡ። በአንድ ቀን ከሟች ቤት ወደ ገዳይ ቤት አትሂዱ። «እነሱ ምን አሉ?» ሲሏችሁ መልሳችሁ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፦ «የእናንተን ለእነሱ እንደማልነግር የእነሱንም አልነግርም።» ነገር አመላላሽ ተብላችሁ ከተጠረጠራችሁ ጥናቱ ቆሟል።

ስም መለወጥ ብቻውን አይሸሽግም። «በ2009 ዓ.ም. በአንድ የማንኩሳ ቀበሌ በወንድሙ ሠርግ የተገደለ ወጣት» ብላችሁ ከጻፋችሁ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ዓመቱን ወደ ዘመን ክልል አስፉት፣ ቀበሌውን ሰርዙ፣ ሠርጉን «ድግስ» በሉት፤ ለትንተናው የማያስፈልገውን ዝርዝር ሁሉ ጣሉ። ድምፅ በስልክ አትቅረጹ፤ ስልክ ይጠፋል፣ በኬላ ይከፈታል። የታጠቀ ኃይል፣ የመንግሥትም ይሁን ሌላ፣ ስለሚንቀሳቀስበት ነገር አንድ መስመር አትጻፉ። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ደግሞ አትሂዱ፤ ፍኖተ ሰላም ያለው የመዝገብ ሥራ ለአንድ ጽሑፍ ይበቃል።

ስሌቱ

ቁጥሩ ከባድ አይደለም። ለምሳሌ ብቻ በምናብ ያቀረብኩትን ተመልከቱ። 60 የግድያና 60 ያልተገዳደሉ ጠቦች አሏችሁ እንበል። ከግድያዎቹ በ36ቱ የመጀመሪያው ሽምግልና ፈርሶ ነበር፣ በ24ቱ አልፈረሰም። ካልተገዳደሉት ደግሞ በ18ቱ ፈርሶ ነበር፣ በ42ቱ አልፈረሰም። 36ን ለ24 ስታካፍሉ 1.5፣ 18ን ለ42 ስታካፍሉ 0.43 ገደማ ይሆናል፤ የሁለቱ ንጽጽር 3.5 ነው። በሌላ አነጋገር የፈረሰ ሽምግልና በግድያው ወገን ከሌላው ወገን በ3.5 እጥፍ ሚዛን ይደፋል ማለት ነው። ይህ ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም፤ ቀድሞውንም የከረረ ጠብ ሽምግልናን ሊያፈርስና ግድያንም ሊያመጣ ይችላልና። ስለዚህ ከሠንጠረዡ ወደ ታሪኩ ተመለሱ፦ ሽምግልናው የፈረሰው በማን እጅ፣ በየትኛው ቃል ነው? ቁጥሩ የት መቆፈር እንዳለባችሁ ይነግራችኋል፤ ቁፋሮው ግን በቃለ መጠይቁ ነው። ካልጠበቃችሁት ወገን የሚወጡትንም ጉዳዮች፣ ሽምግልና ሳይፈርስ የተገዳደሉትንና ፈርሶም ያልተገዳደሉትን፣ አንድ በአንድ አንብቡ። እኔ ከጥናቱ ሁሉ አብልጬ የምጓጓው ለእነዚህ ነው።

ሲያልቅ

የአገራችን የሕግና የማኅበራዊ ሳይንስ መመረቂያ ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ተጽፈው በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። ታሪኩን የሰጣችሁ ሽማግሌ አያነበውም፤ ብዙ ጊዜ የወረዳው ፖሊስም አያነበውም። ዩኒቨርሲቲው እንግሊዝኛውን ከጠየቃችሁ ጻፉለት፤ ከዚያ ግን በአማርኛ ከ10 ገጽ ያልበለጠ ጽሑፍ አዘጋጁ። ሽምግልና በየትኛው ወር እንደሚፈርስ፣ ከጠቡ በኋላ ያሉት ስንት ቀናት እንደሚያሰጉ፣ አቤቱታ ቀርቦ የዘገየው የት ቢሮ እንደሆነ በግልጽ ቃል አስቀምጡ። ለከፍተኛ ፍርድ ቤቱ፣ ለፖሊስ፣ ለመሬት አስተዳደሩና ለቤተ ክህነቱ አንዳንድ ቅጂ ስጡ። ለሽማግሌዎቹ ደግሞ ራሳችሁ ሄዳችሁ አንብቡላቸው፤ የተሳሳታችሁትን ያርሟችኋል፣ እርማታቸውንም ከጽሑፉ ጋር አያይዛችሁ አስቀምጡ።